ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ ከምግብ ቤቴ ነው፤ ሽሮ ስታዝዙ፣ ለልደትና ለክርስትና ምግብ ስታሠሩ። ጠበቃ አይደለሁም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሁለት ሴሚስተር አካውንቲንግ ተምሬ፣ ልጅ ስወልድ ያቋረጥኩ፣ ከዚያ ወዲህ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ወጥ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። በዚህ ወር የምግቡን ነገር ትቼ ስለ ጠበቃ ልጽፍላችሁ የተነሳሁት፣ አንድ ሰው በኔ ምክር ስለተጎዳ ነው። ሌላ ሰው እንዳይደገም ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ሰውየው የቆየ ደንበኛዬ ነው። ኡበር ይነዳ ነበር። ጠዋት ኤርፖርት ሲመላለስ ቆይቶ፣ ረፋዱ ላይ መጥቶ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ፍርፍር ይበላል፣ ማኪያቶ ይጠጣል። ከአራት ዓመት በፊት ሃይዌይ ላይ የአንድ ትልቅ ኩባንያ የጭነት መኪና ከኋላው መታው። መኪናው ከጥቅም ውጭ ሆነች፤ እሱ ግን በእግሩ ቆሞ ወጣ። «ተርፌያለሁ» ብሎ ስለት አስገባ።

በሦስተኛው ቀን ከኩባንያው ኢንሹራንስ ተደወለለት። የደወለችው ልጅ ትሁት ናት። «ንግግራችን ቢቀዳ ይቸግርሃል?» አለችው። «ኧረ ምንም አይደል» አላት። «እንዴት ነህ ታዲያ?» አለችው። እስቲ እኛ ሐበሾች እንዴት ነህ ስንባል ምንድነው የምንመልሰው? ትኩሳት ላይ ሆነን እንኳ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። እሱም «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» አላት። ጨዋነት ይሁን ድንጋጤ እንጃ፣ «እኔም ድንገት ፍሬን ሳልይዝ አልቀረሁም» ብሎ ጨመረበት። ሁለቱም ተቀዳ። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለካ ስለዚህ ስልክም ነው።

በሳምንቱ የ3,500 ዶላር ቼክ እንደሚሰጠው የሚገልጽ ደብዳቤና የሚፈረም ወረቀት መጣለት። ይዞት እኔ ዘንድ መጣ። «እትዬ፣ ልፈርም ወይስ ሰው ላማክር?» አለኝ። እኔ ትሪ በእጄ እንደያዝኩ፣ ቆሜ፣ «ፈርመህ ውሰድ እንጂ! ጠበቃ ምን ያደርግልሃል? ደም መጣጮች ናቸው። ከነገሩ ጦም እደሩ ሲባል አልሰማህም?» አልኩት። ፈረመ። በኔ ጠረጴዛ፣ በኔ እስክሪብቶ።

ወር ሳይሞላ ግራ እጁ ይደነዝዘው ጀመር። ሌሊት እንቅልፍ አጣ። ኤምአርአይ ሲነሳ የአንገቱ ዲስክ ተጎድቷል ተባለ፤ ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ለወራት መሪ መያዝ አቃተው። ያን ጊዜ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ጠበቃው ወረቀቱን አንብቦ፣ «ይሄ ሪሊስ ይባላል። ዛሬ የሚታወቀውንም፣ ወደፊት የሚታየውንም ጉዳት ሁሉ ትቼላችኋለሁ ብለህ ፈርመሃል። አዝናለሁ» ብሎ አሰናበተው።

ለምን እንደዚያ አልኩት?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቂም ነበረኝ። አንድ ክረምት በረዶ ጥሎ፣ በሬ ላይ አንድ ሰው ተንሸራቶ ወደቀ። በወሩ ከጠበቃ ደብዳቤ መጣ። ኢንሹራንሴ ከፍሎ ጨረሰው፤ የኔ ወርሃዊ ክፍያ ግን ወጣ። ከዚያ በኋላ «አደጋ ደርሶብዎታል?» የሚል ቢልቦርድ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር። ባለ ንግድ የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ።

ደግሞ የምወደው ቀልድ ነበረኝ። «አንዲት አሜሪካዊት ቡና ራሷ ላይ ደፍታ ሚሊየነር ሆነች» እያልኩ፣ ቡና በቀረበ ቁጥር ሰው አሥቅ ነበር። ከደንበኛዬ ነገር በኋላ ግን ጸጸቱ አላስተኛ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያነበብኩት ያንኑ የቡናውን ጉዳይ ነው። አንብቤ ስጨርስ አፈርኩ።

ነገሩ የሆነው በ1992 ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ ነው። የ79 ዓመት አሮጊት የቆመ መኪና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው የማክዶናልድስ ቡናቸውን ክዳን ሊከፍቱ ሲሉ ጭናቸው ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛ ደረጃ ቃጠሎ ደረሰባቸው፤ ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ከሌላ ሰውነታቸው ቆዳ እየተነሳ ተለጠፈላቸው። ሚሊዮን አልጠየቁም። ለሕክምናና ለተጓዳኝ ወጪ 20,000 ዶላር ገደማ ስጡኝ አሉ። ኩባንያው 800 ዶላር ሰጥቶ ሊያሰናብታቸው ፈለገ።

እንግዲህ ጠበቃ የሚባለው ሰው የገባው እዚህ ላይ ነው። ሪድ ሞርጋን የሚባል የቴክሳስ ጠበቃ ጉዳያቸውን ያዘ። የከሳሽ ጠበቃ ከፍርዱ በፊት ያለው ትልቁ ጉልበት ዲስከቨሪ ይባላል። ተከሳሹ ድርጅት ሰነዱን እንዲያወጣ፣ ሠራተኞቹም ምለው እንዲመልሱ በሕግ ይገደዳል። በዚህ መንገድ የወጣው ምንድነው? ኩባንያው ቡናውን ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ላይ እንዲያቆዩ ያዝዝ ነበር፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ከ700 በላይ የቃጠሎ አቤቱታ ደርሶታል። ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በ1994 ጁሪው ለደረሰባቸው ጉዳት 200,000 ዶላር ፈረደላቸው፤ «20 በመቶ ጥፋቱ የራስዎ ነው» ብሎ ደግሞ ወደ 160,000 አወረደው። ቅጣቱን 2.7 ሚሊዮን አደረገው፤ የኩባንያው የሁለት ቀን የቡና ሽያጭ ያህል ነው። ዳኛው ቅጣቱን ወደ 480,000 ቀነሱት። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ገንዘቡ ሳይገለጽ ተስማሙ። ሚሊየነር ሆነች እያልኩ የሳቅኩባቸው ሴት እኒህ ናቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ትኩስ ጀበናዬን ልጆች ከሚደርሱበት ቦታ አላስቀምጥም።

የቨርጂኒያ፣ የሜሪላንድና የዲሲ አንባቢዎች ጆሮ ስጡኝ

ያቺን 20 በመቶ ልብ በሏት። ኒው ሜክሲኮ ስለሆነ ነው የተቀነሰባቸው ብቻ። እዚህ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ ሕጉ ጨካኝ ነው። በቸልተኝነት ክስ የተጎዳው ሰው ራሱ ጥቂት እንኳ ጥፋት ከተገኘበት፣ ምንም ላያገኝ ይችላል። ዲሲ ለእግረኛና ለባለ ብስክሌት በ2016 አሻሽላዋለች። አሁን የደንበኛዬን ቃል አስቡት፦ «እኔም ድንገት ፍሬን ሳልይዝ አልቀረሁም።» እኛ አገር ይቅርታ መጠየቅ ጨዋነት ነው፤ ጥፋቱ የሌላው ሆኖ እንኳ «አይ፣ የኔ ነው» እንላለን። እዚህ ግን ያቺ ጨዋነት ማስረጃ ትሆናለች።

ቀንም አለው። ለአካል ጉዳት ክስ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ይሰጣሉ። ሰው በሌላ ጥፋት ከሞተ ደግሞ ቨርጂኒያና ዲሲ 2፣ ሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። መንግሥት ካለበት ጊዜው ያጥራል፤ ለምሳሌ የዲሲን ከተማ አስተዳደር ለመክሰስ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሌላ ስቴት ወይም ሌላ አገር የምትኖሩ የየአካባቢያችሁን ጠይቁ። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ዓመቱ እንዴት እንደሚሮጥ አያውቅም፤ ሰማንያና ሙት ዓመት እያለ ቀኑ ያልፋል።

ስለ ጭነት መኪናም የተማርኩትን ልንገራችሁ። በፌዴራል ሕግ፣ ዕቃ የሚጭን ከባድ መኪና ነጂ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም። ስንት ሰዓት እንደነዳ መዝገብ ይያዛል፤ ኩባንያው መዝገቡን እንዲያቆይ የሚገደደው ግን ለ6 ወር ብቻ ነው። ጥሩ ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «አንዲት ወረቀት እንዳትጠፋ» ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። ከስቴት ስቴት የሚጭን ከባድ መኪና ደግሞ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። የኛ ሰው 3,500 ተቀበለ። ያ ሹፌር ያን ቀን ስንት ሰዓት ነድቶ ነበር? እንቅልፍ ይዞት ነበር? ማንም አልጠየቀም። አሁን የሚጠየቅበትም መንገድ የለም።

«የደም ገንዘብ አንበላም»

ይህን ቃል ከብዙ ቤተሰብ ሰምቻለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ሰው ሞቶብን ገንዘብ ስንቆጥር ሰውየውን የሸጥነው ይመስለናል። አገር ቤት ያለው ሕግም አላስለመደንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለደረሰ የመንፈስ ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በዚህ ያደገ ሰው፣ ለሐዘኑ ፍርድ ቤት ሚሊዮን ይጠየቃል ሲባል ማላገጥ ይመስለዋል።

እስቲ ወደማንረሳው ቀን ልውሰዳችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት። የአየር መንገዳችን በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። በሳምንቱ ሥላሴ ካቴድራል የተቀበሩት ሣጥኖች አስከሬን አልነበረባቸውም፤ ለቤተሰብ የተሰጠው ከአደጋው ቦታ የተነሳ አፈር ነበር። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት እዚያው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰው ይዞ ወድቋል። በሁለቱም ኤምካስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ከአንድ ሴንሰር በመጣ የተሳሳተ መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ደጋግሞ ገፍቷል። የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ አብራሪዎቹ ይህ ሥርዓት መኖሩን አልተነገራቸውም ነበር። የኛ ልጆች ስማቸው የጠፋባቸው ሰዎች እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ፤ «የውጭ አገር አብራሪ ቢሆን ኖሮ» ሲባል እዚሁ ምግብ ቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ሰምቻለሁ።

ቤተሰቦቹ ቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ የቦይንግ ዋና መሥሪያ ቤት ያን ጊዜ እዚያ ነበር። አሁን ወደዚህ ወደ አርሊንግተን፣ ከኛው ሠፈር፣ መጥቷል። ከከሳሾቹ ጠበቆች ፊት የቆመው ሮበርት ክሊፎርድ የሚባል የቺካጎ ጠበቃ ነው። በኅዳር 2021 ቦይንግ ለኢትዮጵያው አደጋ ኃላፊነቱን በፍርድ ቤት ተቀበለ፤ ቤተሰቦቹ ደግሞ በልዋጩ የቅጣት ካሳ ላይጠይቁ ተስማሙ። «የአብራሪዎቹ ጥፋት ነው» የሚለው ክርክር በዚያ ችሎት አበቃ። ለዚህ ዋጋ አውጡለት ብትሉኝ አልችልም።

ከዚያ የቀረው የካሳው መጠን ነበር። ኩባንያው ምን ብሎ ተከራከረ መሰላችሁ? ሰዎቹ የሞቱት በቅጽበት ስለሆነ፣ ከመውደቁ በፊት ስለተሰማቸው ስቃይ ለጁሪ ማስረጃ አይቅረብ አለ። ስድስቱ ደቂቃ አይቆጠር ማለቱ ነው። ጠበቆቹ ተሟገቱ፤ በ2023 ዳኛው ጁሪው ሊሰማው ይችላል ብለው ወሰኑ። አብዛኛው ቤተሰብ ከችሎት በፊት በስምምነት ጨረሰ። በኅዳር 2025 ግን አንድ ጉዳይ ጁሪ ፊት ቀርቦ፣ ለአንዲት ሟች ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደ።

ያ ገንዘብ ሰው አይመልስም። ግን እዚያ ችሎት ላይ አንድ ነገር ተባለ፦ እነዚያ ስድስት ደቂቃዎች ነበሩ፤ ሰው ነበሩ፤ ፈርተው ነበር። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ጉልበተኛው የሚቆምበት አገር ልጆች ነን። አያቶቻችን ዋርካ ሥር ኩታቸውን አቋጥረው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። ክስ ለኛ እንግዳ አልነበረም፤ እዚህ ስንመጣ ነው የፈራነው። «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለውን ተረት ያወረሱን እኮ እነሱ ናቸው።

ጠበቃ ስትይዙ

ጠበቃ ሁሉ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። በሬ ላይ ከወደቀው ሰው ጉዳይ በኋላ ያወጣሁትን ገንዘብ እኔ አውቀዋለሁ። ግን ሂሳቡን እንወቀው።

የዚህ ዓይነት ጠበቃ በቅድሚያ አይከፈለውም። ካሸነፈ ነው ድርሻ የሚወስደው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲሶ፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ እስከ 40 በመቶ። እንደ አገራችን ሲሶ አራሽ አስቡት፤ ምርት ከሌለ እሱም የለውም። ለዚህ ነው ድሀው ከትልቅ ኩባንያ ጋር እኩል መቆም የሚችለው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። እነዚህን ጠይቁት፦ ለባለሙያ ምስክርና ለሰነድ የሚወጣውን ወጪ ማን ይከፍላል? ብንሸነፍስ ወጪውን መልሱ ትሉናላችሁ? ድርሻችሁ የሚሰላው ወጪ ከተቀነሰ በፊት ነው በኋላ? አንተ ራስህ ጁሪ ፊት ቆመህ ታውቃለህ ወይስ ሁሉንም በስምምነት ትጨርሳለህ? ሆስፒታሉና የጤና ኢንሹራንሱ ከካሳው ምን ያህል ይወስዳሉ? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያስለቅሳል፤ ቼኩ ሲመጣ ገሚሱ የሌላ ሆኖ ይገኛል።

ሆስፒታል ድረስ መጥቶ «ጥሩ ጠበቃ አለኝ» የሚል ደላላን አትመኑ። እንግሊዝኛችሁ ቢያጠራጥራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ መንገዱ ሌላ ነው፤ ወርከርስ ኮምፕ ይባላል፣ ለአሠሪያችሁ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቁ። ይህን አሠሪ ሆኜ ነው የምነግራችሁ። ወረቀት የሌለው ወገናችንም ቢሆን፣ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ጉዳቱን ሊተው አይገባም፤ ጠበቃ ያማክር።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ እነዚህን ያዙ። ፖሊስ ጥሩ። ፎቶ አንሡ። የምስክር ስልክ ያዙ። ደህና ነኝ ብትሉም በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። ለሌላው ወገን ኢንሹራንስ የሚቀዳ ቃል አትስጡ፤ «ከጠበቃ ጋር ተነጋግሬ እደውላለሁ» ማለት ስድብ አይደለም። የመጀመሪያ ምክር ብዙዎቹ ጠበቆች ገንዘብ አይጠይቁበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዜጋ የሆንን ሰዎች የጁሪ ጥሪ በፖስታ ሲመጣ ማምለጫ ነው የምንፈልገው። እኔም «ንግድ አለኝ» ብዬ ሦስት ጊዜ አስተላልፌያለሁ። ነገር ግን ያ ቺካጎ ላይ የፈረደው ጁሪ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለ ሰው ነው። እኛ ካልተቀመጥን፣ የኛን ሰው «ደህና ነኝ» ያለው ለምን እንደሆነ ማን ይረዳለታል?

ደንበኛዬ አሁንም ይመጣል። ኡበሩን ትቶ ማታ ማታ ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራል። መስኮቷ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ ሲኒውን በቀኝ እጁ ነው የሚያነሣ። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እትዬ፣ እኔም እኮ ልፈርም ፈልጌ ነበር፤ እርስዎ ያሉኝን ሊሉኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። እሱ ይቅር ቢለኝም፣ ያቺ ጭብጦ እኔንም ትቆጨኛለች።

እንግዲህ ከኢንሹራንስ የመጣ ወረቀት ይዛችሁ ወደ ምግብ ቤቴ ከመጣችሁ፣ ኑ፣ ቁጭ በሉ። ምግብ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል። እስክሪብቶ ግን አላውሳችሁም።